ለአደባባዩ የተቆጠበ ቃል

በወይራ አምባ ከተማ ለእያንዳንዱ ሰው በወር የሚናገረው ቃል ተመጥኖ ይሰጠዋል፤ ሲያልቅበት አዲስ ወር እስኪገባ ድረስ ድምፁ ይዘጋል። ልብስ ሰፊዋ ትርንጎ በከተማው አደባባይ ላይ ሆቴል ሊሠራ መሆኑን የሰማች ቀን ቃሏን ለሕዝቡ ስብሰባ መቆጠብ ጀመረች። ባሏ ዘለቀ ሲያናግራት ራሷን ትነቀንቃለች። ትንሿ ልጇ ሕሊና ተረት ስትለምናት ፀጉሯን ብቻ ትደባብሳለች።

በስብሰባው ዕለት ብዙዎች ሆቴሉን ደገፉ።

"ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ!" አለ ጎረቤቷ ደምመላሽ፤ ሌላም ሊጨምር ሲል ድምፁ ተዘጋና ተቀመጠ።

ትርንጎ ተነሳች።

"ደምመላሽ እውነቱን ነው፤ ሆቴሉ ይሠራ። ግን መናኸሪያው አጠገብ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አደባባዩ ገበያችን የሚውልበት፣ ለቅሶ ሲደርስብን ድንኳን የምንተክልበት ነው። እሱን ከሰጠን የት እንገናኛለን?"

ሆቴሉን ሊሠራ ያሰበው ባለሀብት በመሃል ሊያቋርጣት ሞከረ።

"ልጨርስ! ይህን ለመናገር ስንት ቀን ዝም ብያለሁ!" አለችው። ድምፅዋ እስኪዘጋም ተከራከረች።

ድምፅ ሲሰጥ ቀድሞ እጁን ያወጣላት ደምመላሽ ነበር። ሆቴሉ መናኸሪያው አጠገብ እንዲሠራ ተወሰነ።

በዚያው ምሽት ቤት ውስጥ መብራት ጠፋ።

"እማዬ! የት ነሽ?" አለች ሕሊና በፍርሃት።

ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። እንባዋ እየወረደ እጇን ደጋግማ አጨበጨበች። ልጅቷም ጭብጨባውን ተከትላ በዳበሳ መጣችና ጭኗ ላይ ወጣች።