ትልቁ ባትሪ

ሙሽሮችን ሽርሽር ይዛ የወጣችው የሞተር ጀልባ ጣና መሐል ቀጥ አለች። ባለጀልባው ቢደውል ቢደውል፣ ስልክ ያነሱለት የሚስቱ አባት ብቻ ናቸው።

«አባባ፣ ባትሪ ሞቶብኝ ሐይቅ ላይ ቀርቻለሁ። አዲስ ገዝተው ይድረሱልኝ!»

ሽማግሌው ከሱቅ መልሰው ደወሉ። «ትልቅና ትንሽ አለ፤ የቱን ልያዝልህ?»

«ትልቁን! ኃይል ያለውን!»

እንግዶቹ አዳራሽ ገብተው እየጠበቁ ነው፤ ሙሽራዋ ታለቅሳለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ አማቱ በአንዲት ጠባብ ታንኳ ራሳቸው እየቀዘፉ ደረሱ። ላባቸውን ጠረጉና ከፌስታል ውስጥ ክንድ የሚያህል የእጅ ባትሪ አውጥተው፣ በጠራራ ፀሐይ ፊቱ ላይ አበሩበት።

ባለጀልባው አይጮኽባቸው ነገር፣ አማት ሆኑበት።

«አሁን ፀሐይ ስለሆነ ነው» አሉት በኩራት፤ «ሲመሽ ታየዋለህ።»