ባንክ ገብቶ ዋጋ መከራከር

«ትንሽ ቀነስ አድርግልን» አለችው እታለም፣ የባንኩን የብድር ሠራተኛ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ።

ኢዮብ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ባንክ ውስጥ! እሱ እኮ አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ የቲማቲም ዋጋ እንኳ ተከራክሮ አያውቅም፤ የተለጠፈውን ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። ሚስቱ ግን ምንም እንዳላጠፋ ሰው ተዝናንታ ተቀምጣለች።

ሰውዬው ከረባቱን አስተካክሎ ሳቀ። ወለዱን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ መሆኑን፣ እሱ በእጁ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እንደሌለ በትህትና አስረዳ። እታለም ሰምታ ስታበቃ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቱ አኖረችለት። ኢዮብ ራስጌው ላይ የተጻፈውን ስም ሲያነብ ላብ አጠመቀው። የወልደየስ ስም ነው።

ወልደየስ ሞርጌጅ ብሮከር ነው፤ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከሐበሻ ሱቆች መሀል ቢሮ ከፍቶ፣ ከየአበዳሪው ርካሹን ብድር እያፈላለገ ለቤት ገዢ ያገናኛል። ሥራውን ያውቃል፣ ይመሰገናል። ችግሩ አንድ ቤተክርስቲያን ማስቀደሳቸው ነው። ኢዮብ ከኤርፖርት መንገደኛ እያመላለሰ የሚያገኛትን ደሞዝ፣ አጠገቡ ቆሞ ለሚያስቀድስ ሰው ከሚያሳይ ሞቱን ይመርጣል። ፈረንጅ ቢያውቅ ለማን ይነግራል፣ ባንክ ይሻለናል እያለ እታለምን እዚህ ድረስ ጎትቶ ያመጣት ለዚሁ ነው።

«አትደንግጥ» አለችው በአማርኛ፣ ዓይኗን ከሰውዬው ሳትነቅል። «ደሞዝህን አልነገርኩትም። በግምት ነው ያወጣልኝ።»

በግምትም ቢሆን የወልደየስ ወለድ ከባንኩ በግማሽ ፐርሰንት ያንሳል። ለሰሚው ምንም አይደለም። ለኢዮብ ግን እሁድ ማለት ነው። በባንኩ ወለድ ቤቱን ከገዙ እሁድንም ሊነዳ ነው፤ ቅዳሴውም ቀረ፣ ከልጆቹ ጋር መዋሉም ቀረ። ካልገዙ ደግሞ እዚያው ኮልፋክስ ጎዳና ዳር ባለችው አፓርታማ፣ ሁለቱ ልጆች ሳሎን ሶፋ ላይ እየተኙ ሊያድጉ ነው። ሻጩ መልስ የሚፈልገው ዛሬውኑ ነው።

ሰውዬው ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ አየና መለሰላት። ይኼ ግምት ነው አለ፤ ገቢያችሁ ሳይታይ የተሰጠ ዋጋ፣ ዋጋ አይባልም አለ። እውነቱን ነው።

«እንግዲያው ሄደን እናሳየዋለን» አለች እታለም፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች።

ኢዮብ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። እናሳየዋለን ያለችው የሱን ደሞዝ ነው። ቀና ብሎ አያት። አልለመነችውም፣ አልተቆጣችውም፤ ቆማ ጠበቀችው ብቻ። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ታማሚ ስታገላብጥ አድራ፣ እግሯ አብጦ፣ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንጀቱን በላችው። እሱስ የሚደብቀው ምኑን ነው? ሰርቆ አላመጣው፤ በገዛ ክንዱ ለፍቶ ያገኘው ነው። ወልደየስ ይወቀው። ከፈለገም አውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ያንብበው።

ተነሳ። ሰውዬውን ጨብጦ አመሰገነና ከሚስቱ ቀድሞ ወጣ። ደረቱን ቀለለው።

ፓርኪንጉ መሀል ሲደርሱ ከኋላቸው የሩጫ ኮቴ ሰሙ። የብድሩ ሰውዬ ነው፤ በዚያ ብርድ ኮት እንኳ ሳይደርብ። ማናጀሩን አነጋግሯል፤ የሁለቱም ደሞዝ የሚገባው እዚሁ ባንክ ስለሆነ፣ ወለዱን ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሊያደርጉላቸው ይችላሉ።

እታለም አፏን ልትከፍት ስትል ኢዮብ ቀደማት።

«ብድሩን ለማስፈጸም የምትጠይቁን የፕሮሰሲንግ ክፍያውስ?» አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «እሱንም አንሱልን።»

ሰውዬው ኢዮብን አየ፣ እታለምን አየ። እታለም ግን እሱን አላየችውም። ገና ዛሬ የተዋወቁ ይመስል ባሏን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።

«እሺ፣ እናነሳለን» አለ ሰውዬው በመጨረሻ፣ ክንዶቹን እያሻሸ። ቀድሟቸው ሄዶ የባንኩን በር ከፍቶ ያዘላቸው። ብርዱ እየተግተለተለ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ኢዮብ የሚስቱን ክንድ ይዞ በዝግታ ይራመድ ነበር።