አንድ ስንዝር ጎማ

አባባ የጠመንጃውን አፈሙዝ በባዝራቸው በካኔላ ግንባር ላይ አሳርፈዋል። እኔ አፈሙዙን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ሰማይ እገፋለሁ።

«ልቀቂ ብዬሻለሁ!»

«አልለቅም!»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እመታሻለሁ!»

«ይምቱኛ! መጀመሪያ እኔን ይምቱና ከዚያ ባዝራዎን ይግደሉ!»

ካኔላ ጭንቅላቷን አወናጨፈች። የጠመንጃው ሰደፍ ዞሮ አባባን አፋቸው ላይ አገኛቸው። ወደ ኋላ ተንገዳግደው ከደም ጋር አንድ ጥርስ ተፉ። ጠመንጃውን ከጭቃው ላይ አነሳሁት፣ ጥይቱን አወጣሁና ወደ ቁልቋሉ መሃል ወረወርኩት። ዞረው ሰደቡኝ እንጂ አልከለከሉኝም።

ከተነደፈች ግማሽ ሰዓት አይሆናትም። አባባ ውሃ ሊያጠጧት ወደ ገንዳው አመጧት፤ አንገቷን ስትደፋ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ጅራቱ ላይ ቃጭል ያለው እባብ ወጥቶ አፍንጫዋ ላይ ነደፋትና ተመልሶ ገባ። አሁን ፊቷ አብጦ የፈረስ ፊት አይመስልም። ሆዷ ውስጥ የሰባት ወር ውርንጭላ አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባባ በቀን ሦስት ቃል ቢናገሩ፣ ሁለቱን የሚናገሩት ለካኔላ ነው። እሷ ከሄደች እሳቸውም አይቆዩልኝም፤ አውቃለሁ።

«ቃጭሉን እንኳ አላሰማም፣ ከሃዲ!» ይላሉ ደማቸውን እየዋጡ። «ድሮ እባብም ወግ ነበረው፣ አስጠንቅቆ ነበር የሚነድፈው። የዘንድሮዎቹ ሌቦች ናቸው!»

በዚህ በሶኖራ በረሃ ቃጭል እንደ አባባ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጓሮው ውስጥ እባብ የሰማ ሁሉ «ዶን ኤውላሊዮን ጥሩልን» እያለ አባባን ነበር የሚያስጠራው። ቆም ብለው ያዳምጡና እባቡ የቱ ድንጋይ ሥር እንዳለ በጣታቸው ያሳያሉ።

የገንዳውን የውሃ ጎማ በሰንጢ ቆረጥኩ። አንድ ስንዝር፣ ሌላ አንድ ስንዝር። ፈረስ በአፉ መተንፈስ አይችልም፤ አፍንጫው ከተደፈነ አለቀለት። አፍንጫዋ ውስጥ እንዲንሸራተት፣ ከወጥ ቤት ይዤ የሮጥኩትን የአሳማ ስብ የጎማውን ጫፍና ጫፍ ቀባሁት።

ካኔላ ጉልበቷ ከዳትና በጎኗ ወደቀች። እየተንፈራገጠች የገንዳውን ግድግዳ በኮቴዋ ሰነጠቀችው። ውሃው ሾልኮ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ይወርድ ጀመር።

«አንገቷ ላይ ይቀመጡ፣ አባባ!»

«ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ ሳትወለጂ ስንቱን ፈረስ አንገቱ ላይ ተቀምጬ ይዣለሁ!»

«እንግዲያው ይቀመጡና ያሳዩኝ!»

ተቀመጡ። የግራው አፍንጫዋ ፈጽሞ ተዘግቷል፤ ጣቴን እንኳ አላስገባ አለኝ። ጎማውን በቀኙ እያሽከረከርኩ ገፋሁት። ካኔላ ዞር አለችና ክንዴን በጥርሷ ነከሰችው። ጮህኩ፣ ግን አልለቀቅኩም። ጎማው ግማሽ ድረስ ገብቶ ተቀረቀረ።

ያኔ ሰማሁት። ሽርርርር... የጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ የገባ ይመስላል። ውሃው ከጉድጓዱ አስወጥቶት፣ እባቡ ከአባባ ግራ ጉልበት አጠገብ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተጠቅልሏል። ጅራቱን አቁሞ ያንቀጠቅጣል። ድምፁ ጆሮዬን ሊበሳኝ ደረሰ።

አባባ ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። «ምን ይጎልትሻል? ግፊ እንጂ!»

«አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አልኩ በሹክሹክታ።

«መች ተንቀሳቀስኩ? እሷ ናት እንጂ!»

ሹክሹክታዬን ሰምተዋል። እባቡን ግን አልሰሙትም፤ ቀጭን ድምፅ ጆሯቸው አይሰማም ማለት ነው። የፈጣሪ ያለህ! ከሃዲ አልነበረም፤ ቅድምም ሲጮህ ነበር። አባቴ በዚህ ድንጋይ አጠገብ ስንት ቀን፣ ስንት ወር እንዲህ ሲያልፉ ኖረዋል?  ፈራሁም፣ ተናደድኩም።

«ቀኝ እጅዎን ቀስ አድርገው ያምጡ። ጎማውን ይያዙልኝ። ቀስ!»

ፊቴን አይተው ይሁን አላውቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከሩኝ ያዙልኝ። በጀርባቸው በኩል ዞሬ ከገንዳው ጎን የቆመውን አካፋ አነሳሁ። የመጀመሪያው ምት ሳተው። እባቡ ተወርውሮ የአካፋውን ብረት ነደፈ፤ መርዙ በብረቱ ላይ ሲወርድ አየሁ። በሁለተኛው አንገቱን ቆረጥኩት። ከዚያም መታሁት። ከሞተ በኋላም መታሁት፤ አካፋው ድንጋዩ ላይ እሳት እስኪተፋ፣ የተነከሰው ክንዴ አልታዘዝ እስኪለኝ ድረስ።

መምታቴን ሳቆም ጭንቅላቱ የለም። ጅራቱ ግን ጭቃው ላይ መንቀጥቀጡን አልተወም። አባባ ወደ ታች አዩት። 

«ይጮሃል እንዴ?» አሉኝ።

ልዋሽላቸው ፈልጌ ነበር። «ይጮሃል፣ አባባ።»

«ቅድምም?»

 ተንበርክኬ ጎማውን ከእጃቸው ተቀበልኩና ባለኝ ኃይል ሁሉ ገፋሁት። የሆነ ነገር ተቀደደ፤ ደም በጣቶቼ መሃል ወረደ፤ ጎማው እስከ ጫፉ ገባ። ከዚያ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። አንዴ። ደግሞ አንዴ።

እየተነፈሰች ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አባባ ግን አልጠበቁኝም። በጭቃ የተለወሰ መዳፋቸውን ከጎማው አፍ ፊት ዘርግተዋል። አፋቸው ደም እንደሞላ፣ ዓይናቸውን መዳፋቸው ላይ ተክለው ይጠብቃሉ።

የካኔላ ትንፋሽ ደም ቀላቅሎ መዳፋቸውን ረጨው።