በአንድ ክር የተሰፉ

በዚያ ክረምት ዝናቡ አንድ ወር ከአሥር ቀን አላባራም። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ በሦስት ቦታ አፈሰሰ። የታችኛው መደርደሪያ በሙሉ ራሰ። ሁለት ሠራተኞች ከሻጋታው የተነሳ ሳል ያዛቸውና ቤት ዋሉ። ሥራው ጠራዡ ላይ ወደቀ።

ጠራዡ መቀመጥ አቃተው። ከጠረጴዛው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ጠረጴዛው ይመላለሳል። የረጠበ መዝገብ ክሩ ተፈትቶ፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ እንደ ልብስ ካልተሰጣ ይበሰብሳል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ የኖረውን አሁን በምላጭ ይፈታል።

ረፋዱ ላይ አንድ የመሬት ክርክር መዝገብ ፈታ። ከመሐሉ የመሬት ያልሆነ ወረቀት ወጣ። የይግባኝ ፍርድ ነው። ከእህል መጋዘን ሰርቋል የተባለው ዘበኛ ጥፋት አልተገኘበትምና በነፃ ይሰናበት ይላል። ከሥሩ የዘበኛው ደብዳቤ አለ። «ፍርዱ ሲነበብ የሰፈሬ ሰው አልነበረም። ዛሬም ሌባ ይሉኛልና ግልባጩ ይሰጠኝ።»

የክሩን ቋጠሮ አየ። በግራ በኩል ነው። በዚህ ቤት ከእሱ ሌላ ግራኝ ጠራዥ ኖሮ አያውቅም።

ያኔ ለሥራው አዲስ ነበር። በሁለት መዝገብ መሐል የሚገባው ካርቶን ቢያልቅበት፣ እንዳይቀላቀሉ አንዱን በሌላው ላይ አግድም አስቀመጠው። ምሳ በልቶ ሲመለስ ይህን ረሳው። የተዛባ መሰለው። አስተካከለና በአንድ ክር ሰፋቸው።

መስኮቱ ተንኳኳ። የዘበኛው ልጅ ናቸው። አባታቸው ግልባጩን ሳያገኙ ሞተዋል። እሳቸውም በየዓመቱ ይመጣሉ፤ እሱም በየዓመቱ መደርደሪያውን አገላብጦ የለም ይላቸዋል። አሁን አሮጊት ሆነዋል።

«ወንድሜ፣ ዘንድሮም ያንኑ የለምህን ልትሰጠኝ ነው?» አሉ፣ ዣንጥላቸውን እያራገፉ።

ዝናቡ አወጣው ሊል አሰበ። ውሸትም አይደለም። ቋጠሮውን ግን ደግሞ አየው።

«ተገኝቷል፣ እትዬ።»

«የት ነበር?»

«የሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ። የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ የመስኮቱን ጠርዝ ያዙ።

«አንተ?»

«እኔ። ተሳስቼ።»

«አባቴ ሰው ሸሽቶ፣ ገበያ መውጣት ትቶ ነው የሞተው። ታውቃለህ?»

«አላውቅም ነበር።»

«እንግዲህ እወቅ።»

ወረቀቱን በመስኮቱ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«እኔማ ንፁሕ መሆኑን መቼ አጣሁት? ሌባ ያሉት ሰው ፊት ነው። ውጣና ሰው ፊት አንብበው።»

ጠራዡ በጎን በር ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አሥር ያህል ሰው ተሰልፏል።

«ኧረ ወረፋ አለ!» አለ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ።

«አባቴ ከሁላችሁም በፊት ነው የተሰለፈው» አሉ አሮጊቷ።

ጠራዡ ሰው ፊት አንብቦ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ። የዘበኛውን ስም ከነአባቱ ጠራ። ፍርዱን መስመር በመስመር አነበበ። በነፃ ይሰናበት የሚለው ጋ ሲደርስ ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ።

«የት ጠፍቶ እንደከረመም ንገራቸው» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ ነኝ» አለ ጠራዡ። «ያለቦታው የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

የውጭው በር ተከፈተ። አንድ ሰው ከራስ እስከ እግሩ በስብሶ ገባ፤ ሁሉም ወደ ጠራዡ መዞራቸው ገርሞት በሩ ላይ ቆመ።

«እሱ አልሰማም» አሉ አሮጊቷ። «ከመጀመሪያው።»

ጠራዡ እርጥቡን ወረቀት በሁለት መዳፉ ደግፎ፣ እንደ አዲስ የዘበኛውን ስም ጠራ።