ነቅዬዋለሁ

ማስረሻ ወጡን በጣቱ ነካ አደረገና ሳህኑን ሚስቱ ፊት ላይ ወረወረው። ዳር ዳሩ ይፋጃል፤ መሃሉ ግን በረዶ ነበር። የሳህኑ ስባሪ ቅንድቧን ሰንጥቆት ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

«ወጥ ማሞቅ እንኳ ያቅትሻል?»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ማይክሮዌቩ ነው። ያጓራል እንጂ በደንብ አያሞቅም።»

ፀጉሯን ጨምድዶ ጭንቅላቷን ከማይክሮዌቩ በር ጋር አላተመው። አላለቀሰችም፤ ባለፈው ዓመት ክንዷን ሲሰብራት ነው ማልቀስ የተወችው።

«ጠጋኝ ልጥራ?» አለች ደሟን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

«ወንድ ቤቴ ልታስገቢ? ካቻቢቴ አምጪ።»

አመጣችለት። የጀርባውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትቶ ክዳኑን አነሳና እጁን ሊከት ሲል ዞር ብሎ ገላመጣት።

«ከሶኬቱ ነቅለሽዋል?»

«ነቅዬዋለሁ።»

አልዋሸችም። የገመዱን ጫፍ ከፍ አድርጋ አሳየችው። እሱም እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ።

አንድ ነገር ጧ አለ። ማስረሻ ሳይጮህ ወደ ኋላው ተዘረረ፤ ተረከዙ ሲሚንቶውን ትንሽ ደበደበና ተወ።

እሷ ገመዱን እንደያዘች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አባቷ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ነበር። በተቀበረ ዕለት የሥራ ጓደኛው ለለቀስተኛው ሲናገር አጠገቡ ቆማ ሰምታዋለች፤

«እሱማ ነቅሎት ነበር። ግን ማይክሮዌቭ ቂመኛ ነው፤ ቢነቅሉትም ሆዱ የያዘውን ኤሌክትሪክ ቶሎ አይለቅም።»