በማሽን ወይስ በድምፅ

የችሎት ጸሐፊዎች ማሠልጠኛ ኃላፊዋ ጠበቃውን ገና ከበር ሲገባ አወቀችው። እሷም ችሎት ላይ ጸሐፊ ሳለች፣ ስንት ዓመት ሙሉ ከአፉ የሚወጣውን ስትለቅም ኖራለች።

አንድ ቀን ዳኛው «ቀስ ይበሉ፣ ጸሐፊዋ አልደረሰችም» ቢሉት፣ «ክቡር ዳኛ፣ እሷን ከጠበቅን ደንበኛዬ ቅጣቱን ጨርሶ ይወጣል» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፍርሶታል። ያንንም ጽፋዋለች። ሥራዋ ነዋ።

ዛሬ ደግሞ ሴት ልጁን አስከትሎ ቢሮዋ ድረስ መጥቷል። በዚህ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና ቁጭ አለ። እንደምን ዋልሽ እንኳ የለም።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችው። ፈገግ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ።

«አባቴ እንኳን…» ብላ ልጅቷ ጀመረች።

«አባትሽን አውቃቸዋለሁ፤ የማያውቃቸው ማን አለ» ብላ አቋረጠቻት። «የእኛ ነገር እንደማይጥማቸውም አውቃለሁ። ወደ ጉዳያችን እንግባ።»

ከላይ እስከ ታች ገመገመቻት። ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ቦርሳ። የሕግ ትምህርቱ አልሆንላት ብሎ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ያልበቃ ሁሉ ተጎትቶ የሚመጣው እዚህ ነው፤ የእሱ ልጅ ስትሆን ግን ነገሩ ትንሽ ደስ አላት።

«ሦስት ዓይነት ሥልጠና አለን። አንዱ የተቀዳ ድምፅ ቤት ሆኖ እየሰሙ መገልበጥ ነው። ላንቺ እሱ የሚመች ይመስለኛል።»

«ችሎት ያስገባል?»

«አያስገባም።»

«እንግዲያው አይሆንም። እዚያው ችሎቱ ውስጥ መቀመጥ ነው የሚፈለገው።»

«የምፈልገው» እንኳ አላለችም። የራሷ ሐሳብ የሌላት፣ አባቷ ወደ ነዳት የምትሄድ።

«ሁለተኛው የድምፅ ነው። አፍሽ ላይ ጭንብል መሳይ ማይክ አድርገሽ የሚባለውን ሁሉ ከሥር ከሥር በለሆሳስ ትደግሚያለሽ፣ ኮምፒውተሩ ይጽፈዋል። ቶሎ ያልቃል። ድምፅሽም ጥርት ያለ ነው።»

ልጅቷ አባቷን አየች። አባቷ መሬት መሬት አየ።

«እሱም ይቅር።»

«ለምን? ከሁሉም የሚቀለው እኮ ነው።»

«ይቅር ብቻ።»

ገባኝ አለች ኃላፊዋ በሆዷ። እነዚህ የሰው ቃል መድገም ነውራቸው ነው፤ የእነሱን ነው ሌላው የሚደግመው።

«የቀረው የማሽኑ ነው» አለችና ጥግ ላይ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ የፈጣን ጽሕፈት ማሽን በአገጯ አሳየች። «ረጅም ነው። ጣት ያሳብጣል። ግማሾቹ አልቅሰው ነው የሚሄዱት።»

ጠበቃው ጉልበቱ ላይ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ጀመር።

«ቸኮሉ መሰለኝ» አለችው። ጣቶቹን ሰበሰበ።

«ፈተናው በቃል ነው?» አለች ልጅቷ።

«በጣት ነው እንጂ። እዚህ ወሬ አይፈተንም። የችሎት ጸሐፊ ማለት አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ነው።»

ጠበቃው ራሱን ከፍ ዝቅ አድርጎ በጣም ተስማማ። ስላቅ መስሏት ደሟ ፈላ።

«እንግዲህ ይሄ ይሁን» አለች ልጅቷ። «የማሽኑ።»

ኃላፊዋ ወንበሯን ወደ ጠበቃው አዞረች። ስንት ዘመን የተቀመጠ ነገር ነበር፤ አሁን ካልወጣ መቼ ሊወጣ ነው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅዎ እዚህ ስትገባ የትልቅ ሰው ልጅ ተብላ አትታለፍም። እርስዎ ጸሐፊን እንደ ዕቃ ሲያዩ ነው የኖሩት፤ እሷም ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትየው። ስትወድቅ አላነሳትም። እርስዎም ለምልጃ እንዳይመጡብኝ።»

ጠበቃው ዓይን ዓይኗን አየ።

«ዛሬም መልስ አይገባኝም ማለት ነው?» አለችው።

«የምማረው እኔ አይደለሁም» አለች ልጅቷ። «አባቴ ነው። ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ወዲህ ድምፁ አልተመለሰም።»