የባቡር ዕቃ እዚህ ይገኛል

ከሀያቱ ሱቅ የማይገኝ ነገር ቢኖር ባቡር ብቻ ነው። እሱም የሚጠይቅ ጠፍቶ እንጂ ሀያቱ ሰንፋ አይደለም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሸቀጥ ተሸክማ ድንበሩን እንደ ጓሮ በር ተመላልሳበታለች። በመጨረሻ በኬንያው ሞያሌ፣ ገበያው አፍ ላይ፣ ይችን ባለ ሰማያዊ በር ሱቅ የራሷ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ሰው በሩን ትኩር ብሎ ሲያይባት እንኳ ደስ አይላትም።

ጆሴፍ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። መነጽር ያደረገ፣ ትሁት፣ ሽበት የጀማመረው ሰው ነው። ከገበያው ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ጠዋት ጠዋት መንገዱን በእርምጃው እየቆጠረ ይንሸራሸራል። የሚገዛው ዕቃ ግን የጤነኛ አይደለም፤ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ሙጫ፣ ሰጋቱራ፣ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ሞተር። አንድ ቀን ደግሞ የተሰበረ ጃንጥላ ጠየቀ።

"የተሰበረ?" አለች ሀያቱ በስዋሂሊ የአክብሮት አጠራር። "ምዜ፣ ደህናውን ማን ከለከለህ?"

"ዘንጉን ነው የምፈልገው ማማ ሀያቱ። ለባቡር ሐዲድ።"

ሀያቱ ቀጥ አለች። በሞያሌ ባቡር ያልፋል ከተባለ ስንት ድርቅ መጣ፣ ስንት ድርቅ ሄደ። ባቡሩ አልመጣም፤ ወሬው ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ሱቋን ዘግታ ተከተለችው።

ክፍሉን ሞልቶ አንድ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ጠረጴዛው ላይ ሞያሌ አለች፤ መስጊዱ፣ ገበያው፣ የጭነት መኪናው ማቆሚያ፣ ሁሉም በክብሪት እንጨት ተሠርቶ። ጥፍር የምታህል ሰማያዊ በርም አለች። በጃንጥላ ዘንግ የተሠራው ሐዲድ በበሯ ገብቶ በጀርባዋ ይወጣል።

"ያ ረቢ! በሆዴ አሳለፍከው እኮ! የመንግሥት ሰው ነህ እንዴ?"

ጆሴፍ ሳቀ። "ባቡር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፣ ማማ ሀያቱ።"

"ታዲያ ወዲያ አዙረዋ!"

"በወዲያ በኩል ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይበላዋል።"

"ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ምን ጎርፍ አለ?"

"እኔ ነገር ሲስተካከል ነው ደስ የሚለኝ።"

ሀያቱ ባለሥልጣን ታውቃለች። ባለሥልጣን እምቢ ሲል አምጪ ማለቱ ነው። በማግስቱ ከጎልቦ ቆላ የመጣ የግመል ወተት አቀረበች። ደህና ጃንጥላም በጉልበቷ ሰብራ ወሰደችለት። ጆሴፍ ወተቱን ጠጥቶ አመሰገነ፣ ለጃንጥላው ከፈለ፤ ሐዲዱ ግን ንቅንቅ አላለም።

"እንግዲያው ስፖንጅ የለም!" ብላ ፎከረች። "ሞተርም የለም!"

"ጎዶማ መንደር ያለ ስፖንጅ ዛፍ ሊቀር ነው በይኛ።"

"ጎዶማ መቼ ዛፍ ኖሮት ያውቃል!"

በሁለተኛው ሳምንት ጆሴፍ ተሸነፈ። ሐዲዱን ነቅሎ በቦርቶ ወፍጮ ቤት በኩል አሳለፈው። ሀያቱ በእልልታ ገበያውን አናጋችው። ቦርቶ ደግሞ ዱቄት እንደለበሰ መጣ።

"አንቺ ሴትዮ! ባቡር ነድተሽ በወፍጮዬ ላይ ለቀቅሽብኝ?"

"አላህ ያለልህ ነው፣ ቦርቶ! እህሉ ደጅህ ድረስ ይመጣልሃል!"

ገበያው ለሁለት ተከፈለ። የሀያቱ ወገንና የቦርቶ ወገን ሰላምታ ተዘጋጋ፤ ሽማግሌ ሊቀመጥ ቀን ተቆረጠ። ይኼኔ ነው አስተማሪው መሐዲ፣ የወንድሟ ልጅ፣ ስልኩን ይዞ የመጣው።

"አዳዳ፣ አክስቴ፣ ከተማውን አሳበድሽው። ነይ እስቲ ይሄን እዪ።"

በስልኩ ላይ የፈረንጅ ሽማግሌዎች ይታያሉ። ኮፍያ አድርገው፣ ምራቃቸውን ውጠው፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ባቡር ይመለከታሉ። ከኋላቸው መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል።

"ይሄ ሁሉ አዛውንት ምን ሆኖ ነው?"

"መዝናኛቸው ነው። እንዲህ ያለ ሱቅ ይሄዱና ጥቃቅን ዛፍ፣ ጥቃቅን ቤት፣ ጥቃቅን ላም ይገዛሉ። ጆሴፍም እንደነሱ ነው።"

"ላሟ ትታለባለች?"

"አትታለብም።"

"በገንዘብ ነው የሚገዟት?"

"በገንዘብ።"

ሀያቱ በሳቅ ፍርስ ብላ በስኳር ጆንያ ላይ ወደቀች። "ወላሂ! ጎልቦ የእውነቱን ላም የሚገዛው አጥቶ፣ እነዚህ የማትታለበዋን ይሻማሉ!"

የዚያኑ ዕለት ቦርቶን ይቅርታ ጠየቀች። ከበሯ በላይም ካርቶን ሰቀለች፤ የባቡር ዕቃ እዚህ ይገኛል። አላፊው ሁሉ እያነበበ ሲስቅ እሷ ከሁሉም በላይ ትስቃለች። ከዚያ አንድ ፌስታል ስፖንጅ ይዛ ጆሴፍ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ስልክ ላይ ነበር። "እስከ ሰኞ ያልቃል" ብሎ ዘጋው።

"ምዜ፣ አፉ በለኝ" አለች። "ለመጫወቻ ብዬ ስንት ቀን አስጨነቅሁህ። ሐዲዱን ደስ ወዳለህ ቦታ መልሰው።"

ጆሴፍ መነጽሩን አወለቀ። "በሱቅሽ ላይ? እርግጠኛ ነሽ?"

"ከፈለግህ በአልጋዬ ላይ አሳልፈው! አምጣ ሙጫውን።"

የጃንጥላውን ዘንግ ከወፍጮ ቤቱ ነቅላ፣ በራሷ ጣት በሰማያዊዋ በር አስገብታ በጀርባዋ አወጣችው። እስኪደርቅም በአውራ ጣቷ ተጭና ቆየች።

ጣቷን ሳታነሳ ደጁ ላይ ነጭ የመንግሥት መኪና ቆመ። ክራባት ያሰሩ ሁለት ሰዎች ገቡና፣ ጠረጴዛውን አጎንብሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት። አንደኛው እስክሪብቶ አወጣ።

"መሐንዲስ፣ የመስመሩ ሥራ ግሩም ነው። የነዋሪው ፈቃድስ?"

"ተጠናቋል" አለ ጆሴፍ፣ ወደ ሀያቱ በአክብሮት እያመለከተ፤ "የሱቁ ባለቤት ራሷ ናት ያጣበቀችው።"